ኤሲ የሌላቸውን ሕንፃዎች ፍለጋ፦ የስድስት ቀን የናይሮቢ ማስታወሻ

ሰኞ፣ ጥር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ከቦሌ ናይሮቢ የሁለት ሰዓት በረራ ነው። ሁለቱንም ሰዓት ሳስብ የነበረው ስለ ጋዜጣ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ መሥሪያ ቤት ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ነድፌ ነበር። አስፋልቱ የሚያልፈው በምዕራብ በኩል ስለሆነ ፊቱን ወደዚያ አዞርኩት። ከላይ እስከ ታችም መስታወት አለበስኩት። ሲመረቅ ያላደነቀው አልነበረም። በዓመቱ ለሌላ ጉዳይ ጎራ ስል ሠራተኞቹ ከውስጥ በኩል መስታወቱ ላይ ጋዜጣ ለጥፈውበት አገኘሁ። ጋዜጣ ያልበቃው ካርቶን ገጥግጧል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በቀጥታ ዓይናቸው ውስጥ ትገባለች። ኮምፒውተሩ አይታይም። ክፍሉ ይታፈናል። ጋዜጣው ሲለጠፍ ደግሞ ይጨልማል፤ ስለዚህ ውጭ ፀሐዩ እያነደደ እነሱ መብራት አብርተው ይሠራሉ።

ምድር ቤት ያለችው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ "ወንድሜ፣ ይሄን ቤት የነደፈው ሰው እዚህ ወንበር ላይ አንድ ከሰዓት ቁጭ ቢል ጥሩ ነበር" አለችኝ። ማን እንደሆንኩ አላወቀችም። እኔም አልነገርኳትም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን ለአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት እየነደፍኩ ነው። የግንባታ ኮሚቴው ዙሪያውን መስታወት ይሁን አለ። "ዘመናዊ ይምሰል፤ ከሞቀ ኤሲ እናስገባለን" ነው ነገሩ። አንድ ሳምንት ስጡኝ አልኳቸው። ከዚያ በራሴ ወጪ ቲኬት ቆረጥኩ።

ለምን ናይሮቢ? አየሯ ከእኛው ጋር ስለሚቀራረብ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች። ሁለቱም ቀን ላይ ሞቅ ብለው ሌሊቱን የሚቀዘቅዙ ከተሞች ናቸው። እንዲህ ባለ አገር ኤሲ ካልተከፈተ የማይሠራበት ቢሮ ካለ፣ ሙቀቱን ያመጣው አየሩ ሳይሆን ሕንፃው ነው። ይህን በወረቀት ላይ ካወቅኩት ቆይቻለሁ። በዓይኔ ማየት ፈለግኩ።

ማክሰኞ፣ ጥር 5

ጊጊሪ የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ጎብኚ ይቀበላል። ፓስፖርት አሳይተህ፣ ተፈትሸህ ትገባለህ። ግቢው ከካሩራ ደን ብዙም ስለማይርቅ ገና ከበሩ ጀምሮ አየሩ ይለያል። እኔ የፈለግኩት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራሙና የሰፈራ ፕሮግራሙ፣ ማለትም ዩኔፕና ዩኤን ሃቢታት፣ የሚሠሩበትን ሕንፃ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 2011 የድርጅቱ የያኔ ዋና ጸሐፊ ባን ኪ ሙን ከያኔው የኬንያ ፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪ ጋር የመረቁት ነው። የታሰበው ለ1,200 ሠራተኛ ነው።

አስጎብኛችን ወጣት ኬንያዊት ናት። ገና ሳንገባ ኤሲው የት እንደሆነ ጠየቅኳት።

"የለም" አለች።

"ሲሞቅስ?"

"መስኮት እንከፍታለን።"

እንዲህ አጭር ነው መልሱ። ከጀርባው ግን ብዙ ሥራ አለ። ሕንፃው አራት ብሎክ ሆኖ አየር በሚንሸራሸርባቸው መተላለፊያዎች ተያይዟል። መሃሉ ክፍት ሆኖ እስከ ጣሪያ ይዘልቃል። ቢሮዎቹ ውስጥ ሰውና ማሽን ያሞቀው አየር ቀላል ስለሚሆን ወደዚያ ክፍት ቦታ ይሳባል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከጣሪያው ሥር ሾልኮ ይሄዳል። በእሱ ቦታ ቀዝቃዛው በመስኮት ይገባል። ሞተር የለው፣ ቬንትሌተር የለው። ገጠር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ጎጆ ውስጥ እሳት ሲነድ ጭሱ ራሱን ችሎ በክዳኑ በኩል ይወጣ የለ? ያው ነው።

ብርሃኑም እንዲሁ ነው። በመሃል ባሉት ክፍተቶች ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ረፋድ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ቆሜ ወደ ኮርኒሱ አየሁ። አምፖሎቹ አልበሩም። ማንም ዞሮ አላጠፋቸውም። ሴንሰሩ የቀኑ ብርሃን በቂ መሆኑን ሲያይ ራሱ ይቀንሳቸዋል። ከሥራቸው አንድ ሰውዬ ወረቀት ያነባል። መነጽር እንኳ አላደረገም። ብዙ ቆሜ ሳየው ሳይገርመው አልቀረም፤ ቀና ብሎ ፈገግ አለልኝ።

ከዚያ ስለ ጣሪያው ተነገረን። 6,000 ካሬ ሜትር የሶላር ፓነል ለብሷል። ሲነደፍ በዓመት 750,000 ኪሎ ዋት ሰዓት እንዲያመነጭ፣ ሕንፃው ከሚፈጀው ጋር እንዲመጣጠን ታስቦ ነው። ጎብኚው ሁሉ ስልኩን ያወጣው እዚህ ላይ ነው። ፓነል ፎቶ ያምራል። እኔ ግን የሙያ ባልደረቦቼ እንዲያዩልኝ የምፈልገው ቅደም ተከተሉን ነው። መጀመሪያ ሕንፃው የሚፈልገው ኃይል እንዲቀንስ ተደረገ። በዴስክቶፕ ፈንታ ላፕቶፕ ተገባ፣ ምክንያቱም ላፕቶፕ የሚበላው የዴስክቶፕን ሢሶ ገደማ ነው፤ ሙቀቱም ያንኑ ያህል ያንሳል። መብራቱ ተቆጠበ። ኤሲው ከነጭራሹ ቀረ። ፓነሉ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መጀመሪያ በመስታወት የታፈነ ቤት ሠርተን፣ ኤሲ ሰቅለን፣ በመጨረሻ ጣሪያው ላይ ፓነል ብንደረድር ጣሪያው አይበቃንም።

ከጣሪያው የሚወርደው የዝናብ ውኃ በየመግቢያው ያሉትን ኩሬዎች ይሞላል። አንዱ ኩሬ ዳር ቁጭ ብዬ ማስታወሻ ጻፍኩ። ወፍ መጥታ ጠጣች።

ረቡዕ፣ ጥር 6

የጉዞው ሁሉ ፍሬ ዛሬ ነው ብል አልተሳሳትኩም።

ላንጋታ አካባቢ የምሥራቅ አፍሪካ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ አለ። እዚያ ያለው የመማሪያ ማዕከልና ቤተ መጻሕፍት የእኔው ሥራ ታላቅ ወንድም ነው። ተማሪ፣ መጽሐፍ፣ ጸጥታ፣ እና የማይተርፍ በጀት። የተባበሩት መንግሥታትን ሕንፃ አይተህ "እነሱማ ገንዘብ አላቸው" ልትል ትችላለህ። እዚህ ግን እንዲያ ማለት ይከብዳል።

መጀመሪያ ዙሪያውን በእግሬ ዞርኩ። ምሥራቅና ምዕራቡ በአብዛኛው ድፍን የድንጋይ ግድግዳ ነው። መስኮቱ የበዛው በሰሜንና በደቡብ ነው። መስኮቶቹ ፊት ደግሞ ቁምና አግድም የሆነ፣ እንደ እንቁላል መያዣ ካርቶን ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው ጥላ ማድረጊያ ቆሟል። ናይሮቢ የምድር ወገብ አፍንጫ ሥር ናት። ፀሐይዋ ግማሹን ዓመት በሰሜን፣ ግማሹን በደቡብ ትሄዳለች። አሁን ጥር ስለሆነ በደቡብ በኩል ነች። ቀትር ላይ ደቡቡን ፊት አየሁት። ፀሐዩ ጥላ ማድረጊያውን እያገኘው ነው፤ ከኋላው ያለውን መስታወት ግን አላገኘውም። አንብቤው የማውቀውን ነገር እንደ አዲስ ቆሜ አየሁት።

ሲገቡ አየሩ ይለወጣል። ቀዝቃዛ ነው አልልም። ቀለል ያለ ነው። ከሕንፃው ሥር የድንጋይ አልጋ ተነጥፏል፤ ድንጋይ ሙሉ የሆነ የምድር ቤት ጉድጓድ በለው። ከውጭ የሚሳበው አየር በእነዚያ ድንጋዮች መካከል ሲያልፍ ሙቀቱን ለድንጋዩ ይተዋል። ከዚያ ቀዝቀዝ ብሎ ወደ ንባብ ክፍሉ ይገባል። የሞቀው በመሃለኛው ክፍት ቦታ ወደ ላይ ይወጣል። ሌሊት ደግሞ ብርዳማው አየር ድንጋዩን መልሶ ያቀዘቅዘዋል። ድንጋዩ ለነገው ዝግጁ ሆነ ማለት ነው።

አንድ ሶፍት አውጥቼ ጣት የምታህል ቁራጭ ቀደድኩ። አየሩ ወደሚገባበት ቀዳዳ አስጠጋኋት። መጀመሪያ ዝም አለች። ቀስ ብላ ጎንበስ አለች፣ ወደ ክፍሉ ውስጥ አቅጣጫ። እንደዚያው ሆና ቀረች። አልተወዛወዘችም፣ አልተመለሰችም። ቬንትሌተር ቢሆን ትርገበገብ ነበር። ይሄ ግን እንደ እንቅልፍ ትንፋሽ ነው። አጠገቤ የተቀመጠ ተማሪ ምን እንደማደርግ ጠየቀኝ። አሳየሁት። ሦስት ዓመት እዚህ ሲያነብ አየሩ ከየት እንደሚመጣ አስቦት አያውቅም። ጥሩ ሕንፃ እንዲህ ነው። እዚህ ያለ ሰው የሚያስበው ስለ ፈተናው ነው።

የድንጋዩ ነገር ላሊበላን አስታወሰኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማስታውሰው፣ ቀትር ላይ ጫማ አውልቀህ ስትገባ እግርህን የሚቀበለው የወለሉ ቅዝቃዜ ነው። ውጭ ያቃጥላል፤ ውስጥ ነጠላህን ሰብሰብ ታደርጋለህ። ያን ያህል ወፍራም ዓለት በአንድ ቀን ፀሐይ አይሞቅም። ሊሞቅ ሲል ይመሻል። ያንን ዕውቀት እኛ ዘንድ የሚያውቀው ግንበኛ ብቻ አልነበረም፤ እግራችን ያውቀዋል።

ማታ ሆቴል ገብቼ እርሳሴን አወጣሁ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በ9 ዲግሪ ወደ ሰሜን ናት። ታኅሣሥ ላይ ቀትር ፀሐይዋ ከአናታችን ወደ ደቡብ 32 ዲግሪ ገደማ ታዘነብላለች። ሰኔ ላይ ወደ ሰሜን 14 ዲግሪ ገደማ ብቻ። ስለዚህ ሁለት ሜትር ከፍታ ላለው መስኮት በደቡብ በኩል አንድ ሜትር ከሃያ አምስት ገደማ የወጣ ጥላ ማድረጊያ ካለው የታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ አትገባም። በሰሜን በኩል ግማሽ ሜትር ይበቃል። ይሄ ሁሉ ሒሳብ ሩብ ወረቀት አልሞላም። ኤሲ ለመግዛት ስንት ስብሰባ እንደሚጠራ አሰብኩ። ቤቱን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ማስረዘም፣ ሰፊ ፊቱን ለሰሜንና ለደቡብ መስጠት፣ የጎኖቹን መስኮት መቀነስ። መሬቱ ከፈቀደ ይህ አንድ ብር አያስወጣም። ውሳኔው የሚወሰነው ግን በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ነው። ኮለን ከቆመ በኋላ ወዴት ታዞረዋለህ?

ሐሙስ፣ ጥር 7

ማዳራካ ያለውን ስትራትሞር ዩኒቨርሲቲን አየሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 ጣሪያዎቹ ላይ 600 ኪሎ ዋት ሶላር ተክሏል። ለአንድ የትምህርት ተቋም ትልቅ ነው። ከሩቅ አይቼ ወጣሁ፤ ጎብኚ ወደ ጣሪያ አይወጣም።

ራት አንዲት ያገሬ ሰው ቤት በላሁ። ብዙ ዓመት ናይሮቢ የኖሩ፣ ትንሽ ምግብ ቤት ያላቸው እናት ናቸው። ሽሮው እየተንተከተከ መጣ። ለምን እንደመጣሁ ስነግራቸው ሳቁ።

"እንዴት ነው ልጄ፣ ቤት ለማየት አገር አቋርጠህ መጣህ?"

"አዎ እትዬ። መብራት የማይበላ ቤት ለማየት።"

"እዚህማ ሰው መብራት ይፈራል" አሉኝ። "ውድ ነው። እኔ ምጣዱን የምሰካው ሳምንት ሙሉ የሚበቃኝን ሊጥ አዘጋጅቼ ነው። አንዴ ከጋለ አላጠፋውም፣ እስኪያልቅ እጋግራለሁ። አዲስ አበባ እህቴ ቤት ግን ለሁለት እንጀራ ይሰካል።"

ነገሩ ከንክኖኝ አደረ። ኬንያ ውስጥ መብራት ከእኛ በብዙ እጥፍ ይወደዳል። ሕንፃዎቻቸው የተጠነቀቁት ከእኛ ስለሚበልጡ አይመስለኝም፤ ወሩ ሲያልቅ ቢሉ ስለሚቆነጥጥ ነው። እኛ ዘንድ ዋጋው ዝቅ ያለ ስለሆነ ነዳፊውም አሠሪውም አልተቆነጠጠም።

እትዬም ይቺን አልዘለሏትም። "አሁን ሕዳሴው ተመርቆ የለ? ምን አስጨነቀህ?" አሉኝ።

እውነት ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እኔም እንደማንኛውም ሰው እንባዬ መጥቷል። 5,150 ሜጋ ዋት ቀላል አይደለም። ግን ዛሬም ማታ ኩራዝ አብርተው የሚያጠኑ ሚሊዮን ልጆች አሉን። የእኔ መስታወት ያሞቀውን ክፍል ለማቀዝቀዝ የሚሄደው ኃይል ለእነሱ ቢሄድስ? ይህን ስላቸው ዝም ብለው ቡናውን ቀዱልኝ። "እሱስ ልክ ነህ" አሉ ቆይተው።

ዓርብ፣ ጥር 8

ዕቅዴ ውስጥ አልነበረም። የትናንቱ ወሬ ነው ያመጣኝ።

መኪና ተከራይቼ በማይ ማሂዩ መንገድ ወረድኩ። ስምጥ ሸለቆው ከላይ ሲታይ ልብ ያቆማል። የሎንጎኖት ተራራ ከፊት ተገትሯል። ከዚያ ወደ ናሮክ መንገድ ታጠፍን። ሹፌሩ ምን ፍለጋ እንደምንሄድ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። "የኤሌክትሪክ ሽቦ" ስለው ቱሪስት አንበሳ እንጂ ሽቦ ሲፈልግ አላየሁም አለ።

ሱስዋ ደረስን። ከወላይታ ሶዶ የተነሳው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር የሚያበቃው እዚህ ነው። 1,045 ኪሎ ሜትር ተጉዟል። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2022 ጀምሮ በዚህ ሽቦ 200 ሜጋ ዋት ለኬንያ መሸጥ ጀምረናል። መስመሩ ራሱ እስከ 2,000 ይሸከማል። ወደ ጣቢያው መጠጋት አይቻልም፤ ከመንገዱ ዳር ቆሜ አየሁ። ከምሰሶዎቹ ሥር አንድ የማሳይ እረኛ ከብቶቹን ይነዳል። ነፋሱ ሽቦውን ያፏጨዋል።

ሆድ ይብሳል፣ ደስም ይላል። የአገሬ ውኃ ነው እዚህ የደረሰው። ትናንት እትዬ ምጣድ ላይ እንጀራው ዓይን ያወጣው ምናልባት በእሱ ነው። ደግሞ አሰብኩ፦ በሽቦው የሚያልፈው እያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ አለው። ይሸጣል፣ ዶላር ያመጣል። አዲስ አበባ ውስጥ በምዕራብ መስታወት የተነሳ ሲባክን ግን ማንም ደረሰኝ አይቆርጥለትም።

ሹፌሩ ፎቶ ላንሳህ አለኝ። ተነሳሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 9

ስድስት ሰዓት ላይ ቦሌ ደረስኩ። ከተማው ለጥምቀት ተሰናድቷል። መንገዱ ዳር ባንዲራ ይሰቀላል፣ ልጆች አስፋልት ያጥባሉ። ቤት ሻንጣዬን ጥዬ በቀጥታ ወደ አሮጌው ሥራዬ ሄድኩ።

ጥበቃው ያውቁኛል። "ኢንጂነር፣ ዛሬ እኮ ዝግ ነው" አሉኝ። አስር ደቂቃ ብቻ አልኳቸው። ትልቅ ካርቶን አገኛለሁ ወይ ስላቸው ከጓዳቸው የቴሌቪዥን ካርቶን አመጡልኝ። ገልጠን ዘረጋነው። ወርዱ አንድ ሜትር ገደማ ነው።

አስር ሰዓት ነበር። መዝገብ ቤት ገባሁ። ጋዜጣው አሁንም አለ። ቢጫ ሆኗል፣ ጠርዙ ተጠቅልሏል፣ ፊደሉ ደብዝዟል። አንዱን ቀስ ብዬ ላጥኩት። ፀሐዩ በአንድ ጊዜ ጠረጴዛውን ሞላው። ሄጄ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። ዓይኔን መግለጥ አልቻልኩም። ፊቴ ላይ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነው። ቁጭ አልኩ፣ አልተነሳሁም።

"ጋሼ፣ ካርቶኑን ከመስኮቱ በላይ እንደ ጣሪያ ይዘርጉልኝ" አልኩ።

ከውጭ ዘረጉት። የመስኮቱ ጫፍ ጥላ ሆነ፤ ፊቴ ግን ያው። በዚህ ሰዓት ፀሐይዋ ዝቅ ብላለች፣ ከሥር ትገባለች። ለደቡብ የሚሆነው ጥላ ለምዕራብ አይሆንም።

"አሁን ያቁሙት። በእኔ ግራ፣ በደቡብ በኩል፣ እንደ በር።"

ካርቶኑን አቆሙት። ጥላው ጠረጴዛው ላይ ተንሸራቶ መጣ። እጄን አለፈ፣ ፊቴ ላይ ደረሰ። ዓይኔን ገለጥኩ። ውጭ መንገዱ ይታያል፣ ዛፉ ይታያል። ክፍሉም ብሩህ ነው። ሜትሬን አውጥቼ ጥላውን ለካሁት፤ ስድሳ ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የወንበሯን ወርድ የሚያለብስ። ክረምት ሲገባ ፀሐይዋ ከቀኝ ትመጣለች፤ ስለዚህ በሁለቱም በኩል የቆሙ ላሜራዎች ያስፈልጋሉ። ነፋሱ ማለፍ እንዲችል ከመስታወቱ ትንሽ ራቅ ያሉ። ይሠራል። ለመሥሪያ ቤቱ ከጥምቀት በኋላ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ንድፉን ያለ ክፍያ አቀርባለሁ። ለኮሌጁም አዲሱን ወረቀት ይዤ እቀርባለሁ።

"ኢንጂነር፣ እጄ ዛለ" አሉ ጋሼ ከውጭ። "ልልቀቀው?"

"ትንሽ ጋሼ፣ አንዴ ምልክት ላድርግ" አልኩና እርሳሴን አወጣሁ።